የጃፓን የጣሪያ ጠባቂዎች፦ ኦኒጋዋራ፣ ሾኪ፣ ሺሳ ወይስ ቶሜቡታ?

ጃፓን ውስጥ ያረጀ የእንጨት ቤት ገዝተው የሚያድሱ ወዳጆች አሉኝ። ጣሪያው ላይ ሲደርሱ ሁሉም አንድ ቦታ ይቆማሉ። ጫፉ ላይ የነበረው ባለ ቀንድ የሸክላ ፊት ተሰንጥቋል፤ በምን ይተካ? አንዱ ነጋዴ ጢማም ጦረኛ ያሳያቸዋል፣ ሌላው አፉን የከፈተ አንበሳ፣ ሌላው ደግሞ ጅራቱን ወደ ሰማይ የሰቀለ ዓሣ። ስለ ሁሉም የሚነገራቸው አንድ ነው፦ «ቤት ይጠብቃል»። ዋጋቸው ግን ከጥቂት ሺህ የን ተነሥቶ መቶ ሺዎችን ያልፋል። የሚቀመጡበት ቦታም ሆነ ይከላከሉታል የሚባለው ነገር ለየቅል ነው። ለጉብኝት ሄዶ አንዱን ለቤቱ ይዞ መመለስ የሚፈልግ ሰውም እዚያው ግራ መጋባት ውስጥ ይገባል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለሁለቱም ነው። የማንንም ሱቅ ስም አልጠራም። ብዙ ጠይቄ፣ ብዙ ጣሪያ አንጋጥጬ አይቼ የደረስኩበትን ግን ከወዲሁ ልናገር፦ ፊቱን አይተው አይምረጡ። መጀመሪያ ጣሪያዎ ላይ ያለውን ክፍት ቦታ ይዩ፣ ቀጥሎ ጎረቤትዎን፤ የፊቱ ነገር ሦስተኛ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

## ከምልክቱ በፊት ውሃው

ቆርቆሮ ቤት የሠራ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሁለቱ የጣሪያ ተዳፋቶች የሚገናኙበት አናት ኮልሞ ካልተደፋበት ቤቱ ያፈሳል። የጃፓን የሸክላ ጣሪያም እንዲሁ ነው። አናቱ ላይ ጠፍጣፋ ሸክላዎች እየተነባበሩ ይደረደሩና በላያቸው ግማሽ ክብ ሸክላ ይደፋባቸዋል። ድርድሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን አፉ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ንፋስ የሚገፋው ዝናብ የሚገባው በዚያ አፍ ነው። ኦኒጋዋራ የሚባለው ባለ ፊት ሸክላ ከሁሉ በፊት የዚያ አፍ መክደኛ ነው። እኛም አገር ጎጆ አናት ላይ የሚደፋው ማሰሮ ሣሩን ከዝናብ ያድናል፤ እዚያው ሆኖ ደግሞ የቤቱ ጉልላት ነው።

ሙያው የመጣው ከኮሪያ ልሳነ ምድር ነው። የጥንቱ ዜና መዋዕል እንደሚለው በ588 ከቤክጄ መንግሥት አራት የጣሪያ ሸክላ ባለሙያዎች መጥተው አሱካ ላይ ይሠራ ለነበረው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ክዳን አበጁ። ቤተ መቅደሱ ኋላ ወደ ናራ ተዛወረ፤ ዛሬ ጋንጎጂ ይባላል። የዚያ ዘመን ሸክላዎች ከጣሪያው በከፊሉ ላይ አሁንም ዝናብ ይመልሳሉ። በመጀመሪያ የጫፍ መክደኛው ላይ የሚቀረጸው የሎተስ አበባ ነበር። በ8ኛው ክፍለ ዘመን የአውሬና የጋኔን ፊት ገባ። በሙሮማቺ ዘመን (ከ14ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን) ደግሞ ፊቱ ከጠፍጣፋው ሸክላ እየገፋ ወጥቶ ቀንድ፣ ጉንጭና ክራንቻ ያለው ሙሉ ቅርጽ ሆነ። ክፍቱን መዝጋት ቀደመ፣ ማስፈራራቱ ተከተለ።

## በምን እንመዝናቸው?

አምስት መመዘኛ ይዣለሁ።

አንደኛ፣ ሥራው። ሸክላው ቢነሳ ቤቱ ያፈሳል ወይስ አያፈስም? ኦኒጋዋራና የጣሪያ ማዕዘን የሚደፍነው ትንሽ ክዳን ቶሜቡታ የጣሪያው አካል ናቸው። ጢማሙ ጦረኛ ሾኪና አንበሳው ሺሳ ጣሪያው ላይ ይቀመጣሉ እንጂ ውሃ አይከለክሉም። ይህን ልዩነት ሻጮች እምብዛም አይነግሩም፤ ገዢ ግን ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ ይከላከለዋል የሚባለው። እሳትን፣ ክፉ መንፈስን ወይስ በሽታን? በእንጨትና በወረቀት በተሠራ ከተማ ትልቁ ፍርሃት እሳት ነበር፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ምልክቶች ከውሃ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ሦስተኛ፣ ወደ ማን እንደሚያይ። ክፉን ነገር መልሶ የሚወረውር ፊት የወረወረው ነገር የሆነ ቦታ ያርፋል። ጃፓኖች ይህን በጣም ያስቡበታል።

አራተኛ፣ ክብደቱና ማሰሪያው። ተራ የሸክላ ጣሪያ በካሬ ሜትር ከ40 እስከ 50 ኪሎ ይመዝናል፤ የብረት ጣሪያ ግን 5 ኪሎ ገደማ ነው። በ1995 የኮቤ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ በጭቃ ላይ የተነጠፉ ከባድ አሮጌ ጣሪያዎች የቤት መፍረስ አንዱ ምክንያት ተደርገው ብዙ ተወቀሱ። በ2019 መስከረም ቺባን የመታው አውሎ ነፋስም ብዙ ሸክላ አራገፈ። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ጠብቋል፤ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በአዲስ ቤት ላይ እያንዳንዱ የጣሪያ ሸክላ በምስማር ወይም በብሎን መያዝ አለበት። ስለዚህ አናት ላይ የሚሰቀል ማንኛውም ጌጥ በምን እንደሚታሰር ሳይጠይቁ ገንዘብ አያውጡ።

አምስተኛ፣ አሠራሩና ዋጋው። በእጅ የተሠራ ነው ወይስ ከቅርጽ ማውጫ የወጣ? የተተኮሰበት ሙቀትና የላዩ ቅብስ ምን ዓይነት ነው?

## ኦኒጋዋራ

ኦኒ ማለት በጭራቅና በጋኔን መካከል ያለ ፍጡር ነው፦ ቀንድ፣ ክራንቻ፣ የተጎለጎለ ዓይን። ጣሪያ ላይ ሲወጣ ግን የቤቱ ወገን ይሆናል። ከውጭ የሚመጣው ክፉ ነገር ከራሱ የሚከፋ ፊት ሲያይ ይመለሳል ነው ሐሳቡ። አይመለክም፤ ዘበኛ ነው። እንዲያም ሆኖ «የጋኔን ፊት ቤቴ ላይ አልሰቅልም» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ለእሱም መልስ አለ፤ ኦኒጋዋራ ለመባል ግዴታ የኦኒ ፊት ሊኖረው አይገባም።

ሳያውቁት የሚታለፈው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ስሙ የቦታው ስም ሆኗል፤ የአናቱን ጫፍ የሚዘጋ ሸክላ ሁሉ ኦኒጋዋራ ይባላል። በኤዶ ዘመን (ከ17ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን) የሸክላ ክዳን ወደ ተራው ሰው ቤት ሲወርድ ብዙ ባለቤቶች አስፈሪውን ፊት ተዉት፤ ፊቱ ቀጥታ የሚያፈጠው በጎረቤት ቤት ላይ ነውና። በምትኩ የቤተሰብ ዓርማ፣ ደመና፣ ማዕበል፣ የሀብት አማልክት የሚባሉት ዳይኮኩና ኤቢሱ፣ ወይም «ውሃ» የሚለው ፊደል ተቀረጸበት። የመጨረሻው ለእሳት ነው፤ ቃሉ ራሱ እንደ ባልዲ ውሃ አናት ላይ ተቀምጧል።

አሠራሩን ለማየት አይቺ አውራጃ ውስጥ ታካሃማ ወደምትባለው ከተማ መሄድ ያዋጣል። ሦስት ትላልቅ የሸክላ ክዳን አገሮች አሉ፦ የአይቺው ሳንሹ፣ የሺማኔው ሴኪሹ፣ የሂዮጎዋ ደሴት አዋጂ። ታካሃማ የሳንሹ እምብርት ናት፤ የሸክላ ክዳን ሙዚየምም አላት። ኦኒጋዋራ ብቻ የሚሠሩት ባለሙያዎች ኦኒሺ ይባላሉ። የሳንሹ ኦኒጋዋራ ሥራ በ2017 በመንግሥት የባህላዊ እደ ጥበብ መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

እዚያ አንድ ሥራ ቤት ውስጥ ቆሜ አንድ ባለሙያ ከሰዓቱን ሙሉ አንድ ጉንጭ ሲያለሰልስ አይቻለሁ። በእጁ የያዘው ጫፏ የሳሳ ማለስለሻ ናት። እርጥቡን ሸክላ በእሷ ይጫናል፣ ይስባል፣ ይጫናል፣ ይስባል፤ ግራጫው ጭቃ ሳይተኮስ ገና እንደ ተወለወለ ቆዳ ማብረቅ ይጀምራል። ቀንዱን ለየብቻ ሠርቶታል። ግንባሩ ላይ ከመለጠፉ በፊት ሁለቱንም ገጾች በሹል ነገር ጫጫራቸው፣ ቀጭን ጭቃ ቀባቸው፣ ገጣጠማቸው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ንድፍ ጣሪያው ከሚፈልገው መጠን ይበልጣል፤ ሸክላው ሲደርቅና ሲተኮስ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚኮማተር ነው። ከዚያ ወደ ጀርባው አዞረኝ። ጀርባው ባዶ ነው፤ መሐሉ በሸክላ ግድግዳ ተከፋፍሏል፣ ሽቦ የሚያልፍበት ማሰሪያም አለው። «ሰው ፊቱን ያያል፣ ቤቱን የሚያድነው ግን ይሄ ነው» እንደ ማለት በጣቱ ማሰሪያውን መታ መታ አደረገው።

የተለመደው ቀለም ብርማ ግራጫ ነው፤ ኢቡሺ ይባላል፣ የታጠነ ማለት ነው። እቶኑ ከ1,100 ዲግሪ በላይ ደርሶ ሸክላው ከበሰለ በኋላ አየር ይዘጋበትና ጋዝ ይለቀቅበታል፤ ጥንት የጥድ እንጨት ነበር የሚጨመረው። ከጭሱ የሚወጣው ካርቦን ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ከዓመታት በኋላ ቦታ ቦታውን ይለቃል፤ እኔ እንደ ጉድለት አላየውም፣ አዲስ ሆኖ እንዲቆይ የሚፈልግ ግን ይወቀው። ብርድና ጨዋማ አየር ባለበት አካባቢ የሴኪሹ ሸክላ ይሻላል። ከ1,200 ዲግሪ በላይ ስለሚተኮስ ውሃ እምብዛም አይጠጣም፤ ውሃ ያልጠጣ ሸክላ ደግሞ ውርጭ ሲመታው አይሰነጠቅም። ቀይ ቡናማው ቅቡም መለያው ነው።

ከኦኒጋዋራው በላይ ወደ ፊት የሚወጣ ክብ ዘንግ ካዩ ቶሪቡሱማ ነው፤ «የወፍ መኝታ» እንደ ማለት ነው። ሲተኩ እሱንም አብረው ይዘዙ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ፍርዴ፦ የሸክላ ጣሪያ ካለዎት ይህን መምረጥ ግዴታ ነው፤ ክፍቱ መዘጋት አለበት። ጥያቄው ፊት ይኑረው ወይስ አይኑረው ብቻ ነው። ቤትዎ ተነጥሎ የቆመ ከሆነ፣ ከፊቱ ሜዳ ወይም ተራራ ካለ፣ ባለ ቀንዱ ያምርበታል። ቤት ለቤት በተጣበቀ ሰፈር ግን ደመና፣ ማዕበል ወይም «ውሃ» የሚለው ፊደል እመርጣለሁ።

## ሾኪ

ኪዮቶ ጠባብ መንገዶች ውስጥ ሲሄዱ ከበሩ በላይ ያለችውን ትንሽ ጥላ ጣሪያ ይመልከቱ። ጢሙ የተንዠረገገ፣ ሰይፍ የያዘ፣ ጫማና ረጅም ቀሚስ ያለው የሸክላ ሰው ቆሟል፤ ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ሾኪ ይባላል። መነሻው ቻይና ነው። የታንግ ንጉሥ ሹዋንዞንግ በትኩሳት ታሞ በሕልሙ አንድ ግዙፍ ሰው ትንሹን ጋኔን ይዞ ሲበላው አየና ዳነ ይባላል። በሽታ አባራሪነቱ ከዚያ የመጣ ነው።

ወደ ኪዮቶ ጣሪያ የወጣበት ታሪክ ግን የጎረቤት ታሪክ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተመዘገበው ወሬ እንዲህ ይላል። ሳንጆ ሰፈር የሚኖር አንድ መድኃኒት ነጋዴ አዲስ ቤት ሠርቶ ትልቅ ኦኒጋዋራ አወጣበት። ወዲያው ትይዩ ቤት የምትኖረው ሚስት ታመመች፤ ሐኪም ቢመላለስ አልሻላት አለ። የነጋዴው ኦኒ የሚመልሰው ክፉ ነገር ሁሉ እሷ ላይ እያረፈ ነው ተባለ። ባልየው ኦኒን የሚያሸንፈው ሾኪ ነው ብሎ ፉካኩሳ ካሉት ሸክላ ሠሪዎች አንድ አሠራና ከጣሪያው ላይ ፊት ለፊት አቆመው። ሴትዮዋ ዳነች፣ ልማዱም ተስፋፋ።

ታሪኩን ያመነም ያላመነም ሰው ከእሱ የወጣውን ሥርዓት ማክበር አለበት። ትይዩ ቤት ሾኪ ካለው የእርስዎ ሾኪ ዓይን ለዓይን አይጋጠመውም፤ ትንሽ ዘንበል አድርገው ያቆሙታል። ሾኪው ወደ እነሱ ያፈጠጠባቸው ሰዎች ደግሞ ሌላ ሾኪ ከማቆም ይልቅ ኦታፉኩ የምትባለውን ጉንጨ ሙሉ ፈገግተኛ ሴት ያወጣሉ፤ ቁጣውን በሳቅ ትመልሰዋለች። አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ቆሜ ከግራም ከቀኝም ያሉትን ሾኪዎች ስከታተል አንዱም ሌላውን አላየውም። አንደኛው አንገቱን ወደ መንገዱ ጫፍ መልሷል፣ ወገቡ ላይ የታሰረው የመዳብ ሽቦ አረንጓዴ ሆኗል፣ ከሥሩ ዝናብ የሳለው ጥቁር መስመር ወርዷል። ሰፈር ሙሉ ሰው እንዲህ ተጠንቅቆ መኖሩ ከየትኛውም ቤተ መቅደስ ይልቅ ነክቶኛል።

ፍርዴ፦ ቀላል ነው፣ ቦታ አይፈጅም፣ ከውጭ በር በላይ ጥላ ጣሪያ ላለው ቤት ይስማማል። ውሃ ግን አይከለክልም፤ በሚያፈስ ጣሪያ ላይ ለሾኪ ገንዘብ ማውጣት ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው። ከቅርጽ ማውጫ የወጣው በአሥር ሺዎች የን ውስጥ ይገኛል፣ በእጅ የተሠራው ከዚያ በላይ ነው። ሲገዙ ሰይፉን ይመርምሩ፤ መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው።

## ሺሳ

ሺሳ የኦኪናዋ ነው፤ የጥንቱ የሪዩኪዩ መንግሥት ቅርስ ነው። የኪዮቶ ወይም የናራ ጣሪያ ላይ ማውጣት ይቻላል፣ ግን ከአገሩ የወጣ ይመስላል። አንበሳ ነው፤ ሥራው ክፉ መንፈስንና እሳትን መመለስ ነው። ከታወቁት መንደር ጠባቂ ሺሳዎች አንዱ ያኤሴ ከተማ ውስጥ ቶሞሪ የተባለው ቦታ ያለው የድንጋይ አንበሳ ነው። በ1689 እሳት እየደጋገመ ሲያስቸግር የእሳት ተራራ ነው ወደተባለው ተራራ ፊቱን አዙረው አቆሙት። ገላው ላይ የ1945ቱ የኦኪናዋ ጦርነት የጥይት ምልክቶች ዛሬም ይታያሉ።

የጣሪያው ሺሳ ከዚያ በጣም ያነሰ ዕድሜ አለው። ተራው ሕዝብ ቀይ የሸክላ ክዳን እንዳይጠቀም የነበረው ክልከላ የተነሳው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ጣሪያ የሚያነጥፉት ሠራተኞች ራሳቸው ሥራውን ሲጨርሱ በተረፈው ስብርባሪ ሸክላና በነጩ የኖራ ልስን አንበሳ እያበጁ አናቱ ላይ ትተውት ይወርዱ ጀመር። ለዚህ ነው አሮጌዎቹ አንዱ ከሌላው የማይመሳሰሉት፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ዓይኑ ተንሸዋሯል። ለእኔ ከሁሉም ዓይነት ውስጥ የሠሪው እጅ በጣም የሚታየው እነዚህ ላይ ነው። አውሎ ነፋስ በማይለያት ደሴት ላይ ከክዳኑ ጋር በኖራ ተጣብቀው ስለሚሠሩ ጠንካራም ናቸው።

ሱቅ የሚሸጠው ግን ጥንድ ነው። ፊት ለፊት ሲያዩአቸው ብዙውን ጊዜ በቀኝ ያለው አፉን ይከፍታል፣ በግራ ያለው ይዘጋል። የተከፈተው አፍ ክፉውን ያስፈራራል፣ የተዘጋው መልካሙን ይዞ ያስቀራል ይባላል። ጥንዱ የበር ምሰሶ ላይ ነው ቦታው፤ ጣሪያ ላይ የቆየው ልማድ አንድ ብቻ ነው። ይህን ሳያውቁ ጥንዱን አናት ላይ የደረደሩ አዳዲስ ቤቶች አይቻለሁ። ጥፋት አይባልም፣ የቆየውን መልክ የሚፈልግ ግን አንድ ይግዛ። ናሃ ውስጥ ያለው የጹቦያ ሸክላ ሰፈር በ1682 የተለያዩ እቶኖች ተሰብስበው የተቋቋመ ነው፤ በእጅ የተሠራውንና ከቅርጽ ማውጫ የወጣውን ጎን ለጎን አይቶ ለማወዳደር የሚመች ቦታ ነው።

## ሻቺሆኮና ሺቢ

እነዚህን ለተሟላ ንጽጽር ብዬ ነው የማነሳቸው። ሻቺሆኮ የነብር ራስና የዓሣ ገላ ያለው፣ ጅራቱን ወደ ላይ የሰቀለ ፍጡር ነው፤ እሳት ሲነሳ ውሃ ይተፋል ይባላል። ቦታው የቤተ መንግሥት ግንብ ነው። የናጎያው ወርቃማ ጥንድ በ1612 ወጥቶ በ1945 የአየር ድብደባ ከግንቡ ጋር ተቃጠለ። በ1959 እንደገና ሲሠራ ሁለቱን ለመሸፈን 88 ኪሎ ገደማ ባለ 18 ካራት ወርቅ ገባ፤ ወንዱ በሰሜን፣ ሴቷ በደቡብ ናት፣ እያንዳንዳቸውም ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ናቸው። ሺቢ ደግሞ ከሻቺሆኮ የሚቀድም፣ ወደ ላይ የተጠቀለለ የጭራ ቅርጽ ያለው የቤተ መቅደስ ጌጥ ነው። ናራ ያለው የቶሾዳይጂ ዋና አዳራሽ ከ8ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተሸክሞት የኖረው አንዱ ሺቢ በ2009 በተጠናቀቀው ታላቅ ጥገና ወርዶ በአዲስ ተተክቷል።

ለመኖሪያ ቤት አልመክራቸውም። ረጅም ናቸው፣ ንፋስ ይይዛቸዋል፣ ክብደታቸው ሁሉ አናት ላይ ያርፋል፣ ትንሽ ቤት ላይም ይጎላሉ። ቅርጹን የወደደ ትንሹን ለመደርደሪያው ይግዛ።

## ቶሜቡታና ቶሞኤ

ትንሽ ገንዘብ ይዞ ትልቅ ጥቅም የሚፈልግ ሰው እዚህ ይቆይ። የጣሪያው ሁለት ጠርዞች በማዕዘን ሲገናኙ በሸክላዎቹ መካከል ክፍተት ይቀራል። ያን ክፍተት ከላይ የሚደፍነው ትንሽ ክዳን ቶሜቡታ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ ቅርጽ ይቀመጥበታል። አንበሳ አለ፣ ኤሊ አለ፣ በማዕበል ላይ የሚዘል ጥንቸል አለ፤ ማዕበሉ ለእሳት ነው። እኔ በጣም የምወደው ኮክ ፍሬውን ነው። በ712 በተጻፈው የጥንት አፈ ታሪክ ኢዛናጊ የተባለው አምላክ ከሙታን አገር ሲሸሽ የሚያሳድዱትን ሦስት ኮክ ወርውሮ መለሳቸው፤ ከዚያ ወዲህ ኮክ ክፉ አባራሪ ነው። ማንንም የማያፈጥ፣ ጎረቤት የማያስቀይም፣ ጋኔን የማይመስል፣ ማዕዘንም የሚደፍን ጠባቂ ነው። ብዙ ቤተ መቅደሶች ማዕዘን ላይ አለ፤ ሁሉም ሰው ወደ ኦኒው ስለሚያንጋጥጥ ግን ሳያየው ያልፋል።

ቶሞኤ ደግሞ በጣሪያው ጠርዝ የሚደረደሩት ክብ ሸክላዎች ፊት ላይ የሚታየው ሦስት ጠብታ የሚሽከረከርበት ምልክት ነው። የሚሽከረከር ውሃ ተደርጎ ይታያል፤ እሱም ለእሳት ነው። ተራ ምርት ነው፣ ርካሽ ነው፣ ምንም ጭንቀት የለውም።

## በአንድ እይታ

| ዓይነት | ውሃ ይከላከላል? | ይመልሰዋል የሚባለው | ቦታው | ጎረቤትን ይነካል? | ዋጋ በግምት |
|---|---|---|---|---|---|
| ኦኒጋዋራ፣ ባለ ፊት | አዎ | ክፉ መንፈስን | የአናት ጫፍ | በጣም | ከአሥር ሺዎች እስከ መቶ ሺዎች የን |
| ኦኒጋዋራ፣ ደመና ወይም «ውሃ» | አዎ | እሳትን | የአናት ጫፍ | አይነካም | ከላይኛው ያነሰ፣ ቅርጹ ሲወሳሰብ ይጨምራል |
| ሾኪ | አይ | በሽታን፣ የተወረወረ ክፉን | ከበር በላይ ያለ ጥላ ጣሪያ | አቅጣጫው ይወስነዋል | አሥር ሺዎች የን |
| ሺሳ | አይ | ክፉ መንፈስን፣ እሳትን | ጣሪያ (አንድ)፣ በር (ጥንድ) | እምብዛም | ከጥቂት ሺህ እስከ መቶ ሺዎች የን |
| ሻቺሆኮ | የአናት ጫፍ ላይ ይቆማል | እሳትን | ግንብ፣ ትልቅ አዳራሽ | እምብዛም | ለቤት አይመከርም |
| ቶሜቡታ | አዎ | እንደ ቅርጹ፦ ክፉን ወይም እሳትን | የጣሪያ ማዕዘን | አይነካም | ሺዎች እስከ አሥር ሺዎች የን |
| ቶሞኤ | አዎ | እሳትን | የጣሪያ ጠርዝ | አይነካም | ዝቅተኛ |

## ለማን የትኛው?

አሮጌ የሸክላ ጣሪያ ለሚያድስ። በጀቱን መጀመሪያ የአናቱ ድርድር ላይ ያውሉት። የድሮዎቹ በጭቃና በመዳብ ሽቦ የቆሙ ናቸው፤ ፈርሰው በብሎን ይሠሩ። ከዚያ ኦኒጋዋራ፣ ከተረፈ ቶሜቡታ። የወረደውን አሮጌ ፊት አይጣሉት፤ ብዙ ጃፓናውያን መግቢያ በር አጠገብ ወይም አትክልቱ ውስጥ ያኖሩታል፣ እዚያም ያምራል።

ጣሪያው ብረት ለሆነበት። አናት ላይ ምንም አይስቀሉ። ያ ጣሪያ የታሰበው ለቀላል ክዳን ነው። ሺሳ በር ምሰሶ ላይ፣ ሾኪ የግድግዳ ደፍ ላይ፣ ኦኒጋዋራ ወለል ላይ ይሁን።

በሻንጣ ይዞ ለሚመለስ። ቀንድ፣ ሰይፍና ጅራት መንገድ ላይ ይሰበራሉ። ድቡልቡል የሆነ ሺሳ ወይም ኮክ ይምረጡ፣ ወይም በመዳፍ ልክ የሚሠሩትን ጠፍጣፋ ኦኒዎች፤ ጥቂት ሺህ የን ይበቃቸዋል። ልብስ ውስጥ ጠቅልለው በእጅ ሻንጣ ይያዙት።

አሮጌ ዕቃ ለሚወድ። ከፈረሰ ቤት የወጣ ኦኒጋዋራ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። የቤተሰብ ዓርማ ያለበት ከሆነ ግን የሌላ ሰው ቤት ማኅተም ነው፤ እኔ ጣሪያዬ ላይ አላወጣውም፣ ባለ ማዕበሉን ወይም ባለ ደመናውን እፈልጋለሁ።

እምነቱ የጋኔን ምስል ለማይፈቅድለት። ኮክ፣ ደመና፣ ማዕበል፣ ቶሞኤ። የቤቱም መልክ አይጎድልም፣ ህሊናም አይጨነቅም።

## ከመክፈልዎ በፊት

እናቶቻችን እንስራ ሲገዙ በጣታቸው ቆርቆር እንደሚያደርጉት ያድርጉ። በደንብ የተተኮሰ ሸክላ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል። ቀጥሎ ገልብጠው ጀርባውን ይዩ፦ የሽቦው ማሰሪያ አለ? ወፍራም ነው? በጣት ሲነካ ጠርዙ ይፈረፈራል? ማሰሪያ የሌለው ለመደርደሪያ የተሠራ ነውና ጣሪያ ላይ እንዳይወጣ።

ከዚያ ሻጩን ከፍ ያለ ቦታ እንዲያስቀምጠው ይጠይቁና ከታች ሆነው ይመልከቱት። ለጣሪያ የተሠራ ፊት ዓይኑ ወደ ታች ያያል፣ ግንባሩም ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ጠረጴዛ ላይ ያማረ ፊት አናት ላይ ሲወጣ አገጭ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

የመጨረሻው ፍተሻ ሱቁ ውስጥ አይደለም። ከመግዛትዎ በፊት መንገዱን ተሻግረው ትይዩ ካለው ቤት በር ላይ ይቁሙና ወደ ራስዎ ጣሪያ ያንጋጡ። እዚያ የሚኖረው ሰው በየማለዳው በሩን ሲከፍት የሚያየውን ያዩታል። ቤት ውስጥ ካለ አንኳኩተው ምን ሊሰቅሉ እንዳሰቡ ይንገሩት።